ለዳማ የሚሆን ድምፅ

ዘፈን የሚበላሸው ግጥሙ ሲረሳ ነው የሚሉ ሰዎች አሉ። አይደለም። ግጥም የጠፋበት ሰው የጎረቤቱን አፍ እያየ ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ማንም አያውቅበትም። ዘፈን የሚበላሸው ገና ሲጀመር ነው። ሠርግ ቤት አይታችሁ እንደሆነ፣ አንድ ጠላ የሞቀው ጎረምሳ ብድግ ይልና ዘፈኑን ከጣራ ላይ ይጀምረዋል። ተቀባዩ ለጥቂት ስንኝ እንደ ምንም ይከተለዋል፤ ከዚያ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ዓይኑ ይፈጣል፣ ሴቶቹ እየሳቁ ይተዉታል፣ ጎረምሳውም ብቻውን ሰማይ ላይ ይቀራል። በጣም ዝቅ አድርጎ የጀመረውም አይሻልም፤ መጨረሻው ላይ ጉድጓድ ውስጥ እንደ ወደቀ ሰው ያጉረመርማል። ከመሃል ልመልሰው ቢል አይመለስለትም። የሚፈርድበት የጀመረበት ቦታ ነው።

ይህን የማውቀው ዘፋኝ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። የማንኩሳ ሰው ስለ እኔ ቢጠየቅ፣ "አያ ደሴ? እሱ ለበሬው እንኳ ከሁለት ቃል በላይ አያወጣም" ይላል። ሐሰት አይደለም። ልጆቼ ሲያድጉ ከአፌ የሰሙት "ተነሡ" እና "በቃ" ነው። በቤታችን የመናገሩም የማንጎራጎሩም ሥራ የሚስቴ የየሻረግ ነበር። እኔም ሥራዋን አልቀማኋትም።

ሰኔ እንደ ገባ ቡሬ ያገባችው ልጃችን ወለደች፤ የሻረግም አራሷን ልትንከባከብ ሄደች። ወንድ ቢሆን ክርስትናው በአርባ ቀን ነው፣ ቶሎ ትመለስ ነበር። የተወለደችው ሴት ናት፤ ሰማንያ ቀን ይጠበቃል። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ፣ ግን ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። ልጆቹ ሁሉ ወጥተው ቤት ውስጥ የቀረነው እኔና እሷ ነበርን። አሁን እኔ ብቻ ቀረሁ። ቡሬ ሩቅ አገር አይደለም። ነገር ግን መንገዱ ዛሬ ቢከፈት ነገ ይዘጋል፤ ብርም ብዬ እንዳልሄድ ዳማ አለች።

ዳማ ላማችን ናት። እናቷ ስትሞት የሻረግ በእጇ ወተት እያጠጣች አሳደገቻት፤ ከየሻረግ በቀርም ሌላ ሰው አልቧት አያውቅም። ሚስቴ ስትሄድ በሩ ላይ ቆማ ያለችኝ አንድ ነገር ነው። "ለክርስትናው የሚሆነው ቅቤ ከዳማ ነው። እንዳታነጥፍብኝ።" ስለ እኔ ምንም አላለችም።

በመጀመሪያው ማታ ጥጃውን ትንሽ አስጠብቼ አሰርኩትና ማለቢያውን ቅል በጉልበቴ መሃል ይዤ ተቀመጥኩ። ዳማ ጥቂት ጠብ አደረገችና ያዘችው። ግቷ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፣ ወተት ግን የለም። በማግሥቱም እንደዚያው። እንዲህ ከቀጠለች መንጠፏ ነው። ምን እንደ ጎደላት የገባኝ ቆይቶ ነው፤ የሻረግ ስታልባት ትዘፍንላት ነበር። ስንት ዓመት ደጅ ተቀምጬ የሰማሁት ዘፈን ነው፤

ዳማዬ ዳማዬ፣ ልቀቂው በሞቴ፣
ጥጃሽም ይጠግባል፣ ይተርፋል ለቤቴ።

ግጥሙ ይኸው ነው። ለሰው "በሞቴ" ብዬ የማላውቅ ሰውዬ ለላም ልል ነው ብዬ በሩን ዘጋሁ። መጀመሪያ በሬ በምነዳበት ድምፅ ጀመርኩት፤ ዳማ ቅሉን በእግሯ አሽቀነጠረችው። በማግሥቱ እንደ ሚስቴ ላድርገው ብዬ ድምፄን አቅጥኜ ሰቀልኩት። ጎረቤቴ አያ ፈንቴ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣ "ቤት እንግዳ አለ እንዴ?" አለኝ። የለም አልኩት። "እኔስ የታመመች ሴት መስሎኝ" ብሎ ሄደ።

ቢቸግረኝ ቡሬ ደወልኩ። እኔ ደውዬ ስለማላውቅ የሻረግ ስልኩን እንዳነሣች "ማን ሞተ?" አለች። ማንም አልሞተም፣ ያ ዘፈን ከየት ነው የሚጀመረው አልኳት። ከዚያ ሳቅ መጣ። የእሷ ብቻ አልነበረም፤ ለካ ልጄም አማቼም ያዳምጡ ኖሯል። ሳቃቸው ሲያልቅ ስልኩን ከዳማ አጠገብ አድርገው አለችኝና ራሷ ጀመረችው። ዳማ ጆሮዋን አቆመች። ወተቱን ግን አልለቀቀችም፤ ዞራ በሩን አየች። እኔም አየሁ። በሩ ላይ ማንም አልነበረም።

"ተይው" አልኳት። "አንቺን ነው የፈለገች።"

ከዚህ የበለጠ ነገር ለሚስቴ ተናግሬ አላውቅም። ይህንንም የተናገርኩት በላሚቱ ስም ነው።

በማግሥቱ ደዋይዋ እሷ ሆነች። ስታስብበት አድራለች። "የኔን ድምፅ አትከተል፤ የሴት ነው፣ አንተ ጉሮሮ ላይ ይሰበራል" አለችኝ። "የመጀመሪያው ወተት ባዶውን ቅል ሲመታው ስማ። እኔም የምነሣው ከዚያ ነው። አንተ በወንድ ድምፅህ ከሥሩ ግባ። ቅሉ እየሞላ ሲሄድ ድምፁ ይወፍራል፣ አብረኸው ውረድ።" እኔ ስንት ዘመን ለላሚቱ ትዘፍናለች ስል፣ እሷ ለካ ከቅሉ ጋር እየተስማማች ኖራለች።

ከዚያ ወዲያ ማታ ማታ ጆሮዬን ቅሉ ላይ ተክዬ ቦታውን ፈለግሁ። አንዴ እበልጠዋለሁ፣ አንዴ አንሰዋለሁ። አንድ ቀን እርሻ አድክሞኝ፣ በሩን መዝጋት እንኳ ረስቼ፣ ድምፄ ከወተቱ ድምፅ ጋር ገጠመ። እንዴት እንደ ሆነ መናገር ይቸግረኛል። ሞፈሩ ከቀንበሩ ጋር ልክ ሲገባ እጃችሁ ላይ የሚሰማችሁ ነገር አለ አይደል? እንደዚያ ነው። ዳማ በረጅሙ ተነፈሰች፣ ወተቱም መጣ። አረፋው በቅሉ አፍ እስኪወጣ አለብኋት።

ልነግራት ስልኩን አነሣሁ። ከዚያ ቆም አልኩ። ዘፈኑ ከተገኘ ነገ ማታ ምን ብዬ ልደውል ነው? "እንዴት አመሸሽ" ልበላት? በኛ መካከል እንዲህ ያለ ነገር ተብሎ አያውቅም። እናንተ ከተማ ያላችሁ "ናፈቅሽኝ" ማለት ውኃ የመጠጣት ያህል ቀሏችሁ ይሆናል። እኛ አገር ሰው ሚስቱ ስትናፍቀው አጥር ያጥራል።

አጥሩ ደግሞ አልፈረሰም ነበር። ስለዚህ ደወልኩና ሆን ብዬ ስቼ ዘፈንኩ።

በየማታው እንደዚያ ሆነ። መጀመሪያ ዳማን በልኩ እየዘፈንኩ አልባታለሁ። ቅሉ ሲሞላ እደውልና፣ ግቷ ላይ የቀረችውን ጠብታ እየጨመቅሁ፣ ከጣራ ላይ እጀምራለሁ። የሻረግ "ከፍ አልክ፣ ውረድ" ትላለች። እወርዳለሁ። "አሁን ደግሞ መውረድህ በዛ።" እያረመችኝ በመሃል ሕፃኗ መሳቅ እንደ ጀመረች ትነግረኛለች፣ ቡሬ እንዴት እንደ ዘነበ ትነግረኛለች፣ በቆሎው እንዴት ነው ትለኛለች። አንዳንዴ ልጄ ስልኩን ትቀበልና "አባዬ፣ ዛሬም ሳትከው፤ ልጅቷ ግን ተኝታበታለች" ትለኛለች። የፍልሰታ ጾም ሲገባ ወተቱን የሚቀምስ ስላልነበረ ሁሉም ለቅቤው ሆነ። የምትንጥልኝ የአያ ፈንቴ ሚስት ናት።

ጾሙ ተፈትቶ የክርስትናው ቀን ሲደርስ መንገዱም ተከፈተ። ዳማን ለጥጃዋ ትቼ ቡሬ ሄድኩ። የሻረግ የቅቤውን ማሰሮ ከእጄ ተቀበለች፣ ክብደቱን ወደ ላይ ወደ ታች አድርጋ አየችው፣ ምንም ሳትል አስቀመጠችው። ክርስትናው በደህና አለቀ፤ በማግሥቱ አብረን ተመለስን።

ማታ ቅሉን ይዛ ወደ ዳማ ገባች። እኔ ከበሩ ላይ ቆምኩ።

"ዘፈኑን ካገኘኸው ቆይተሃል" አለችኝ፣ ፊቷን ሳታዞር።

የጥጃውን ገመድ ማጥበቅ ጀመርኩ።

"ባዶ ቅል ሲመታ ጥርት ብሎ ነው የሚሰማ። በስልክ እሰማው የነበረው የሙሉ ቅል ድምፅ ነው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንተስ?"

ሁለታችንም ዳማን አየን፤ ጥፋቱ የሷ ይመስል። ከዚያ የሻረግ ዘፈኑን በራሷ ድምፅ ጀመረችው። ዳማ እግሯን አነሣች፣ ጅራቷን ወዘወዘች፣ ወተቷን ያዘች። ክረምቱን ሙሉ የሰማችው የኔ ድምፅ ለምዶባታል። እኔ አሁን ትቀየማለች ስል የሻረግ ሳቀች፤ ተነሥታም ቅሉን ሰጠችኝ።

"አንተ አውጣው፣ እኔ እቀበልሃለሁ።"

ሰው ፊት አልዘፍንም አልኳት።

"ሰው የታለ?" አለች።

ተቀመጥኩ። የመጀመሪያው ወተት ባዶውን ቅል መታው፣ ጥርት ብሎ ተሰማኝ። የሻረግ ለመቀበል ከኋላዬ ቆማለች። አፌን ከፈትኩና ከጣራ ላይ ጀመርኩት።

በዚህኛው ጊዜ ሆን ብዬ አልነበረም።