ክቡር ኦዲሎንና የጌንት ወደብ

ሳይጠየቅ የሚያርም ሰው የሌለበት ገበያ የለም። በጌንት ከተማ፣ በቅዱስ ያዕቆብ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በየእሑዱ በሚቆመው የአሮጌ ዕቃ ገበያ፣ የእኛው ክቡር ኦዲሎን ይባላሉ። ጡረታ የወጡ የትራም ሾፌር ናቸው። አይሸጡም፣ አይገዙም። ብብታቸው ሥር ግን የእንጨት ማቆሚያ ያለው ትልቅ ሌንስና ከጀርባው ዘንበል ያለ መስታወት ይዘው ይመጣሉ። የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት የታተሙ የከተማ ሥዕሎች በእንዲህ ያለ ነገር እንዲታዩ ነበር የተሠሩት፤ ከሥሩ ሲዘረጉ ጠፍጣፋው ወረቀት ጥልቀት ያወጣል፣ ጎዳናው ወደ ውስጥ ይሄዳል።

እኔ እነዚህን ሥዕሎች እሸጣለሁ። ማለትም፣ ክቡር ኦዲሎን እስኪደርሱ ድረስ እሸጣለሁ።

«ቆይ! መጀመሪያ በሌንሱ ይታይ!» ይላሉ። ቀጥሎ ፍርዱ ይመጣል፤ «ይሄን የሳለው ሰውዬ ሊዝበንን በሕልሙም አላያት!» አንዲት ደንበኛዬ ለልጇ ሠርግ የመረጠችውን ቬኒስ እንዲሁ አስጥለዋታል።

አንድ የመጸው እሑድ ወይዘሮ ጎድሊቭ ባላቸውን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፉ መጡ። አቶ ካሚል ዕድሜ ልካቸውን የጭነት ጀልባ ሲነዱ የኖሩ ናቸው፤ አሁን ዓይናቸው ፈዟል። ጉልበታቸው ላይ «የጌንት ወደብ» የሚል፣ አርባ ዓመት ግድግዳቸው ላይ የኖረ ሥዕል ይዘዋል።

«የቅድመ አያቶቼ ቤት እዚህ ወደብ ዳር ነበር» አሉ። «ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ የትኛው እንደሆነ ልወቀው ብዬ ነው። እዚህ የሚያውቅ ሰው አለ አሉኝ።»

ሥዕሉን ሳየው ክው አልኩ። ጌንት አይደለም። የሮተርዳም ሥዕል ነው፤ አታሚዎቹ ስሙን ፍቀው በሌላ ከተማ ስም የቸበቸቡት። ኦዲሎን ደግሞ ይህን ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ። እግራቸውን ልረግጥ ፈለግሁ፤ አልደረስኩባቸውም።

ሥዕሉን ዘርግተው ሌንሱን ለአቶ ካሚል ዓይን አስተካከሉ። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ቀሩ።

«ጎድሊቭ! ውኃው እኮ እስከ ውስጥ ድረስ ይታያል!»

«ቤቱስ?» አሉ ወይዘሮ ጎድሊቭ፣ ኦዲሎንን ቀና ብለው እያዩ።

ኦዲሎን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ሥዕሉን አዩ፣ ሴትዮዋን አዩ።

«ከግራ ሦስተኛው፤ ግንባሩ ደረጃ ደረጃ የሆነው። የጀልበኞች ቤት እሱ ነው። ግን ልብ በሉ፣ መስታወቱ ስለሚገለብጠው ወረቀቱ ላይ የሚቆጠረው ከቀኝ ነው።»

ውሸታቸውን እንኳ ሳያርሙ አያልፉም!

«በሩ ሰፊ ነው» አሉ አቶ ካሚል፣ ዓይናቸውን ከሌንሱ ሳያነሱ። «አባቴም ሰፊ ነበር ይል ነበር።»

ባልና ሚስቱ ሲሄዱ ጠጋ ብዬ፣ «ክቡር ኦዲሎን፣ ሮተርዳም አልነበረም እንዴ?» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ ስለ ሥዕል ምን ታውቃለህ!» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ ወዲህ ከጠረጴዛዬ አጠገብ ወንበር አኖርላቸዋለሁ። ባለፈው እሑድ እዚያው ላይ ተደላድለው ሁለት ገዢ አባረሩብኝ።