እንዳትነቃነቁ

የቋንቋችን ነገር አንዳንዴ ያደክመኛል። ሰው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ፎቶ «ተነሳ» ይባላል። አልጋው ላይ ተጋድሞም ቢሆን ተነሳ ነው። ናዝሬት ፎቶ ቤት ከፍቼ ስንቱን ቁጭ አድርጌ አንስቻለሁ። ሥራዬ ሁለት ቃል ነበረች፤ «እንዳትነቃነቁ» እና «አለቀ»። በሁለቱ መካከል ሰው ትንፋሹን ይይዛል። እናንተም ይዛችኋል፤ አትካዱ።

በዚያ በወታደሮቹ መንግሥት ዘመን ደግሞ «አትነቃነቅ» ከፎቶ ቤትም ውጭ ብዙ ሥራ ነበራት። ቀበሌም ይላታል፣ ኬላም ይላታል። ስለዚህ ደንበኞቼ ገና ከአፌ ሳትወጣ ድርቅ ይሉልኝ ነበር። እኔ ሞኙ ይህን ከሙያዬ ብቃት እቆጥረው ነበር።

በኋላ በጅቡቲ መስመር የሚነግድ ጎረቤቴ ቪዲዮ ካሜራ አመጣ። ትከሻ ላይ ሲወጣ ግማሽ ኩንታል ጤፍ ያህላል። ፎቶ ካሜራዬን አየት አድርጎ፣ «ያንተ ሰውን ያቆማል፣ የኔ ያስኬዳል» አለኝ። በዚያን ዘመን ሰው ከመቆምና ወደ ተላከበት ከመሄድ ሌላ ምን ነበረው?

ቪዲዮውን መጀመሪያ የፈለጉት አዴ ጫልቱ ናቸው። ባለቤታቸው ወንጂ ሸንኮራ ሲቆርጥ ኖሮ በወባ የሞተባቸው ሴት ናቸው። አንድ ልጃቸው ገመቹ ስሙ ለብሔራዊ ውትድርና ወጥቶ ሊሄድ ሳምንት አልቀረውም።

«አካም ቡልቴ ወንድሜ፤ ፎቶ አልፈልግም» አሉኝ ገና ሳልጠይቃቸው። «የአባቱ ፎቶ ግድግዳዬ ላይ አለ። አሥር ዓመት ቆሞ ያየኛል። እንዴት ይራመድ እንደነበር ግን ጠፋኝ። ትዝ የሚለኝ ገመቹ ሲራመድ ሳይ ነው፤ አካሄዱ ያባቱ ነው። እሱም ሲሄድብኝ ሁለቱንም አጣለሁ። ሲራመድ አንሳልኝ።»

መልኬን አሳምርልኝ የሚል እንጂ አካሄዴን አንሳልኝ የሚል ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ካሜራውን ተዋስኩና በመሄጃው ዋዜማ፣ እሑድ ረፋድ፣ ወንጂ ወረድኩ። ቤተ ዘመዱ ማንጎ ሥር ተሰብስቧል፤ ገመቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ መካከል ቆሟል። ካሜራውን ትከሻዬ ላይ አወጣሁ፣ ቁልፉን ተጫንኩ፣ ቀዩ መብራት በራ። ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ነውና አፌ እኔን ሳያማክር «እንዳትነቃነቁ» አለ።

አልተነቃነቁም።

ሽማግሌዎቹ ደረቁ። ዝንብ ገመቹ አፍንጫ ላይ አረፈች፤ እሷን እንኳ እሽ አላላትም። እኔም አንድ ዓይኔን ጨፍኜ «ጥሩ ነው፣ ጥሩ ነው» እላለሁ። ትከሻዬ ሲዝል «አለቀ» አልኩ፤ ሁሉም በአንድ ላይ ተነፈሱ።

ጥፋቴን ያየሁት በማግስቱ ጎረቤቴ ቤት፣ ካሴቱ ዴክ ውስጥ ገብቶ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ነው። ገመቹ ጠዋት ተጭኖ ሄዷል። አዴ ጫልቱ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ቤተሰቡ ቆሟል። አሁንም ቆሟል። የሚንቀሳቀሱት የማንጎው ቅጠልና ያቺ ዝንብ ብቻ ናቸው።

«ይኼማ ፎቶ ነው» አሉ አዴ ጫልቱ ቀስ ብለው። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። ለካ «አለቀ» ብዬ ካሜራውን ማጥፋት ረስቻለሁ፤ ፎቶ ካሜራ አንዴ ቀጭ ካለ በኋላ ማን ያጠፋዋል? ከእጄ ተንጠልጥሎ መሬት መሬቱን ሲቀርጽ ቆይቷል። አቧራ መጣ፣ የአግዳሚ ወንበር እግር መጣ፣ ቀጥሎ ኮንጎ ጫማ ያደረጉ ሁለት እግሮች መጡ። ግራውን ወደ ውጭ ጣል እያደረገ እስከ አጥሩ ሄደ፤ ተመለሰ።

«ኤዬ» አሉ አዴ ጫልቱ። «ይቺ ናት።»

አለቀሱ፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያ በኋላ ለገበያ ናዝሬት በመጡ ቁጥር ጎረቤቴ ቤት ገብተው «የቆመውን ዝለልልኝ» ይሉት ነበር።

ሁለት ዓመት ያህል ቆይቶ ገመቹ ራሱ ፎቶ ቤቴ ገባ። በሁለት ክራንች ነው የመጣው። የግራ ሱሪው ጉልበቱ ላይ ታጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ዓይኔ የት እንዳረፈ አየና ፈገግ አለ።

«ለመታወቂያ ነው ጋሼ። ከደረት በላይ ነው፤ ጉርድ ይበቃኛል።»

አስቀመጥኩት። «እማዬ ምን እንደምትለኝ ያውቃሉ?» አለኝ። «አካሄድህ ፎቶ አንሺው ጋ ነው ያለው ትለኛለች።»

ያቺ የለመድኳት ቃል ከአፌ አልወጣችም። ሳልላት አነሳሁት። ገመቹ ተነቃንቆ ኖሮ ፎቶው ደብዝዞ ወጣ። ተመልሰህ ና እንዳልለው ከወንጂ በክራንች ሊመጣ ነው። በማግስቱ ፎቶ ካሜራዬን አንግቼ፣ ካሴቱንም ከጎረቤቴ ለምኜ ወንጂ ወረድኩ፤ አካሄዱን ለባለቤቱ ላስረክብ። ቴሌቪዥንም ዴክም እንደሌላቸው ትዝ ያለኝ ማንጎው ሥር ስደርስ ነው።