እምቢታ የማይገባው አቶ ገብረአብ እና ሸክላዎቹ

በየከተማው «አይሆንም» የሚለው ቃል ጆሮው የማይገባ አንድ ሰው አለ። ሐኪም ቢመረምረው ጆሮው ጤነኛ ነው። ሐሜት ከሦስተኛ ቤት ይሰማል፤ ሻይ ቤት ጥግ ላይ ስሙ በሹክሹክታ ሲነሳ ዞር ይላል። «አይሆንም» ሲሉት ግን ግባ ያሉት ይመስል ወንበር ስቦ ይቀመጣል። የደብረ ብርሃኑ ክቡር አቶ ገብረአብ ይባላል።

ገብረአብ ሸክላ ያሳትማል። ሰው ሁሉ ዘፈን ከስልኩ በሚሰማበት በዚህ ዘመን፣ እሱ የሰሜን ሸዋን ድምፃውያን እየለመነ በየፊቱ አንድ አንድ ዘፈን የምትይዝ ትንሽ ሸክላ ያወጣል። የምትታተመው ባሕር ማዶ ነው፤ ገዢዎቿም አብዛኞቹ እዚያው ናቸው። እዚህ ከተማ የሚሠራ ሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው እኔ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ራሱ ገብረአብ።

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። መጀመሪያ የመጣብኝ «አንድ ሶኬት ብቻ» ብሎ ነው። ሶኬቱን ሳስገባ ሽቦው ያረጀ ሆኖ ተገኘ፤ ሽቦውን ስቀይር ማይክሮፎኑ እዝዝ አለ፤ እዝዝታውን ለማጥፋት ጓሮውን ቆፍሬ የመሬት ሽቦ ቀበርኩ። አካፋውን እንደያዝኩ ቀና ብዬ «ሌላ ሥራ አለብኝ እኮ» ስለው፣ «እዚህ ከመጣህ አይቀር፣ ምን ይጎዳሃል?» አለኝ። አርማው ይህ ነው። የሸክላዎቹ ልባስ ላይ ቢያትመው ይገባ ነበር።

ስቱዲዮ የሚለው ከቤቱ ጀርባ ያለ ዕቃ ቤት ነው። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው ላይ ከላይ እስከ ታች የከተማችን ብርድ ልብስ ተሰቅሏል። ነጋዴዋን «ሽመናው የተበላሸውን ስጪኝ፣ ምን ይጎዳሻል?» ብሎ ያመጣው ነው። ክፉ ሐሳብ አልነበረም፤ ብርዱን ረስቶት ነው እንጂ። ከኅዳር በኋላ የሚመጣ ድምፃዊ ሁሉ ግድግዳውን አውርዶ ይደርባል፤ ግድግዳው ሲራቆት ድምፁ ይበላሻል፤ ክቡርነታቸው ደግሞ ከሰው ትከሻ ላይ ግድግዳቸውን ሲለምኑ ይውላሉ።

ዓወል የአልዩ አምባ ሰው ነው፤ መንዙማ ያወርዳል። ሎሚ ሊሸጥ አቀበቱን ወጥቶ ገበያ በዋለበት ቀን ገብረአብ ሄዶ ጆንያው ላይ ቁጭ አለ። ገዢ መጣ፣ አልተነሳም። ሌላ ገዢ መጣ፣ አልተነሳም።

«ተነሣ እንጂ ሰውየው፣ ሎሚው ተጨመቀ» አለው ዓወል።

«አንድ ፊት ብቻ። ምን ይጎዳሃል?»

ዓወል ሁለቱንም ፊት ሞላለት። እስከ ዛሬ «ወላሂ፣ ለገብረአብ እምቢ ከማለት አቀበቱን ደግሞ መውጣት ይቀላል» ይላል።

እትዬ አመተ ማርያም ዘንድ ግን ነገሩ ጠጠረ። እሳቸው የሰላ ድንጋይ ተወላጅ ሙሾ አውራጅ ናቸው፤ እዚህ ከገቡ ቆይተዋል። እሳቸው ያልተገኙበት ልቅሶ እንደ ልቅሶ አይቆጠርም። ለመጀመሪያው ፊት በልጅነታቸው ወፍጮ ላይ ያንጎራጉሩት የነበረውን ሰጡት፦

ፈጨሁ ፈጨሁና ሌሊቱም አለቀ፤
ዱቄቱ ሳይሞላ ጉልበቴ ደቀቀ።

«ሁለተኛው ፊት ሙሾ ይሁንልኝ» አላቸው።

«ለማን?»

«ለማንም ይሁን።»

«ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወረድም። ሟርት ነው። ሂድ ወደዚያ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። በሳምንቱም ተመልሶ መጣ። «በቅሎዬ ሞታብኛለች እትዬ።»

«በቅሎ መቼ ነበረህ?»

«ልገዛ አስቤ ነበር።»

«እንግዲያው ሐሳብህን ቅበር።»

ከዚያም የሰው ልቅሶ ላይ መቅረጫ ጋቢው ውስጥ ደብቆ ተገኘ። ቀዩዋ መብራት በነጩ ጋቢ አልፋ ደረቱ ላይ ስታበራ የዕድር ሰዎች አይተው፣ በሁለት ብብቱ ገብተው በአክብሮት አወጧቸው ክቡርነታቸውን። «በሩ ላይ ብቆምስ፣ ምን ይጎዳችኋል?» ሲል የሰማሁት እኔ ነኝ።

እትዬ አመተ ማርያም አንድ ልጅ ነበራቸው። አላቸው ልበል፤ ጭንቁ ይኸው ነው። ቃለ አብ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። በጦርነቱ ጊዜ እህል ጭኖ ወጣ፤ እሱም መኪናውም አልተመለሱም። ሞተ ያለ የለም፤ አየሁት ያለም የለም። ዘመድ «እርምዎን ያውጡ» ይላል፤ ድንኳን ይጣል፣ ይለቀስ፣ ይለይለት ነው የሚሉት። እሳቸው የሰውን ልጅ ሁሉ እያለቀሱ ለራሳቸው ልጅ አላለቀሱም። ካለቀሱለት ሞተ ማለት ነው። ስልኩ አይሠራም፤ ቁጥሩ ለሌላ ሰው እንዳይሰጥ ግን በየጊዜው ካርድ ይሞሉለታል።

ሸክላው ሊታተም ቀኑ ተቆርጦ ነበር። አታሚዎቹ «ሁለተኛው ፊትስ?» እያሉ ሲጽፉ ገብረአብ «እየመጣ ነው» እያለ ይመልሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ እኔ ጥግ ላይ አንድ የላላ ሽቦ ሳጠብቅ በሩ ተከፈተና እትዬ አመተ ማርያም ገቡ። ማንም ሳይጋብዛቸው ማይክሮፎኑ ፊት ተቀመጡ።

«ክፈተው» አሉ።

«ምኑን እትዬ?»

«መቅረጫህን። ሙሾ አይደል የምትፈልግ?»

ገብረአብ እኔን አየ፤ ከዚያ እሳቸውን። «ማን ሞተ?» አለ ቀስ ብሎ።

ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው አዘቅዝቀው ለበሱት፤ ጥለቱ አንገታቸው ላይ መጣ። ለልቅሶ እንደሚለበሰው።

«ታምሜ ተኝቼ አልነበር? ካርዱን ሳልሞላለት ቀረሁ» አሉ። «ዛሬ ብደውል ሴት አነሳች። ይኼ የቃለ አብ አይደለም ወይ አልኳት። ተሳስተዋል እናቴ አለችኝ። እንግዲህ ይብቃኝ። ክፈተው።»

ገብረአብ እጁን ማብሪያው ላይ አድርጎ ቆመ። በቅሎ ገድሎ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ደጅ ጠንቶ ያጣው ነገር በገዛ እግሩ መጥቶ ፊቱ ተቀምጧል። እኔ በልቤ፣ ሰውየው ሥራውን ይሠራል፣ አታሚም እየጠበቀ ነው አልኩ። በእውነት ይከፍተዋል ብዬ ነበር።

ጎንበስ ብሎ መሰኪያውን ከግድግዳው ነቀለ።

«መብራት ጠፍቷል» አለ።

ጣሪያው ላይ፣ እኔው የሰቀልኩት አምፖል ቦግ ብሎ እየበራ ነው። እትዬ አመተ ማርያም ቀና ብለው አምፖሉን አዩት። ብዙ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ባለሙያው አንተ ነህ። ምን ትላለህ?»

በሥራዬ ለሰው ዋሽቼ አላውቅም። በኤሌክትሪክ የሚዋሽ ሰው ቤት ያቃጥላል።

«ጠፍቷል እትዬ» አልኩ። «ከዋናው መስመር ነው።»

«ቶሎ ይመጣል?»

«ይህን ያህል ተብሎ አይታወቅም።»

ነጠላቸውን አስተካክለው መልሰው ለበሱ። ፊታቸው ሲገቡ ከነበረው ላላ ብሏል። «እንግዲያው ሲመጣ ጥሩኝ» ብለው ወጡ። ገብረአብ ማይክሮፎኑን በጨርቅ ሸፈነና ጀርባውን ሰጠኝ። እኔም ያጠበቅኩትን ሽቦ እንደገና ሳጠብቅ ቆየሁ።

ሸክላው በአንድ ፊት ብቻ ወጣ። ሌላው ፊት ልሙጥ ነው፤ መርፌው ሲያርፍበት ይንሸራተታል። ገዢዎች የፋብሪካ ስሕተት መስሏቸው ሲጽፉለት ይቅርታ ብቻ ይጠይቃል። በየደጁ ተቀምጦ ሰው ማስቸገሩን አልተወም፤ ባለፈው ሳምንትም «አንድ ሶኬት ብቻ» ብሎ መጥቷል። መሣሪያዬን ይዤ፣ ሳልጠይቀው ተከትዬው ሄድኩ።

እትዬ አመተ ማርያምን ባጃጅ ተራው ጋ አልፎ አልፎ አገኛቸዋለሁ።

«መብራቱስ?» ይሉኛል።

«ገና ነው እትዬ። እየሠራን ነው።»

«ይሁን» ይላሉ። «አትቸኩል።»