ትንፋሽ አጠረው የተባለው አጥቂ

«አዎ» ለማለት አፍ መክፈት የማያስፈልገው ሕዝብ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። የማታምኑኝ ከሆነ አጠገባችሁ ያለውን ሰው ምሳ በልቶ እንደሆነ ጠይቁት። ከበላ ቃል አያወጣም። ቅንድቡን ትንሽ ከፍ ያደርግና አጭር ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ ያደርጋል፤ «ህእ»። አለቀ፣ በልቷል ማለት ነው። በዚህች ትንፋሽ ቤት እንከራያለን፣ ሚስት እናጫለን፣ ሐሜት እናጸድቃለን። ጠያቂው ሐበሻ እስከሆነ ድረስ ምንም ችግር የለውም። ሐበሻ ያልሆነ እንደሆነስ? እሱን ያየሁት ሎስ አንጀለስ አጠገብ፣ አንድ የኳስ ሜዳ ዳር ቆሜ ነው።

ኳስ ሜዳ ምን ወሰደህ እንዳትሉኝ፣ እኔ ዳውንታውን የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ቲኬት የምቆርጥ ሰው ነኝ። ስለ ኳስ የማውቀው ክብ መሆኑን ነው። ሐበሻ በሚበዛበት ሰፈር፣ ፌርፋክስ ላይ ግን የታወቅኩት በእንግሊዝኛዬ ነው። አንድ ጊዜ አንድ የአገሬን ልጅ ሊቀጣ የመጣ የትራፊክ ፖሊስ እኔ ጣልቃ ገብቼ ስናገር ደብተሩን አጥፎ ሄደ። እውነቱን ለመናገር በሬዲዮ ተጠርቶ ነው የሄደው። ቢሆንም ወሬው እኔ በእንግሊዝኛ አንበርክኬው እንደሄደ ሆኖ ተሠራጨ፤ እኔም ወሬ ማስተባበል አልወድም። ከዚያ ወዲህ ሐኪም ቤት ቢሆን፣ የልጆች ትምህርት ቤት ቢሆን፣ ከአከራይ ጋር ጠብ ቢሆን፣ አስተርጓሚው እኔ ሆንኩ።

እዚያው ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ዘነበች አንድ ቀን አስጠሩኝ። የእህታቸው ልጅ በረከት ከአዳማ መጥቷል። አጥቂ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለ አንድ የፕሮፌሽናል ቡድን ለሙከራ ሊያየው ፈቅዷል። ችግሩ፣ ልጁ አገር ቤት ይጫወትበት የነበረውን ክለብ ውድድሩ እኩሌታ ላይ ሳለ ጥሎ ነው የመጣው። አሰልጣኙም ዳግም በዓይኔ እንዳላይህ ብሎ ምሎበታል። እዚህ ካልወሰዱት እዚያ የሚመለስበት ሜዳ የለውም፤ ቪዛውም ሊያልቅ ነው። እትዬ ዘነበች ይህን ሁሉ ሽንኩርት እየላጡ ነገሩኝና፣ «ሶ፣ ታዴ፣ ቅዳሜ አንተ ድራይቭ ታደርገዋለህ፣ ትራንስሌትም ታደርግለታለህ፣ ኦኬ?» አሉኝ። መጨረሻ ላይ ያለችው «ኦኬ» ጥያቄ እንዳትመስላችሁ። እኔም ትንፋሼን ሳብ አደረግኩ።

በረከት ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። እግሩ መኪናዬ ውስጥ አልገባ ብሎ ጉልበቱን አገጩ አጠገብ አድርጎ ተቀመጠ። ፍሪዌዩ ላይ እንደወጣን ምክር ጀመርኩ። አሜሪካ ውስጥ ሲያናግሩህ ዓይን ዓይናቸውን እያቸው አልኩት። «ህእ» አለ። አትፍራ፣ አትሽኮርመም አልኩት። «ህእ።» መንገዱን ሙሉ ከአፉ አንድ ቃል ሳይወጣ በሚገባ ተግባባን። ይህን ጊዜ ሊነቃ የሚገባው አስተርጓሚ ምን ሲሠራ እንደነበር አትጠይቁኝ፤ ስለ እንግሊዝኛው እያሰበ ነበር።

ሜዳው ላይ ከየአገሩ የመጣ አጥቂና ተከላካይ ፈሶበታል። አሰልጣኙ ነጭ ጢም ያለው፣ ትልቅ፣ ፊቱ ደግ የሆነ ሰው ነው። ጨዋታው ተጀመረ፤ በመኪና ውስጥ ታጥፎ የመጣው ልጅ ሜዳ ላይ ሲዘረጋ ሌላ ሰው ሆነ። ሁለት ተከላካይ አልፎ የመታት ኳስ ቋሚውን ገጭታ ተመለሰች። ኳስ የማላውቀው እኔ ራሴ ጭንቅላቴን ያዝኩ። አሰልጣኙም ወዶት ኖሮ ወደ ዳር ጠራው፤ እኔም ለታላቁ ግዳጄ ቀረብ አልኩ።

አሰልጣኙ ደህና ነህ ወይ አለው። ተረጎምኩለት። በረከት ዓይን ዓይኑን እያየ «ህእ» አለ። በቀኝ መስመርስ ትጫወታለህ? «ህእ።» ኳስ ስናጣ ሮጠህ መመለስ ትችላለህ? «ህእ።» የሰውየው ፊት እየተለወጠ ሄደ። እስቲ በእሱ ቦታ ሁኑና እዩት። አንድ ልጅ በሚያቃጥል ፀሐይ ስር ሲሮጥ ቆይቶ መጥቷል፤ በጠየቃችሁት ቁጥር ዓይኑን ያፈጣል፣ ቅንድቡን ይሰቅላል፣ አየር ይስባል። እናንተስ አምቡላንስ አትጠሩም? አሰልጣኙ የቡድኑን ሐኪም ጠራ።

ሐኪሟ እየሮጠች መጣችና መተንፈስ አስቸገረህ ወይ ብላ ጠየቀችው። እኔ ለመተርጎም አፌን ሳልከፍት፣ በረከት ሴት ያህል ነገር ጠይቃው ዝም ማለት ነውር ስለመሰለው፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ በትልቁ «ህእ» አላት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልግ? ወንበር መጣ፣ ውሃ መጣ፣ ጣት የምትቆነጥጥ ትንሽ መሣሪያ መጣች። መሣሪያዋ ልጁ ፍጹም ጤነኛ ነው አለች። ሐኪሟ አላመነቻትም፤ ጣት ቀየረችለት። ጨዋታው በዚያ በኩል ያለ እሱ ቀጥሏል፤ እሱ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ኳሷን በዓይኑ ይከተላል። ዕድሉ እየተበላ መሆኑን አውቆታል፤ ምን እንዳጠፋ ግን አላወቀም። አሳዘነኝ።

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። ደረቴን ነፍቼ፣ ይሄ በሽታ አይደለም፣ ይሄ «አዎ» ነው አልኳቸው። የቱ ነው «አዎ»? አለች ሐኪሟ። ይሄ፣ ብዬ አሳየኋት። አልገባትም፤ ደግሜ አሳየኋት። አሰልጣኙም እንዲያይ ወደ እሱ ዞሬ፣ ከቅንድብ ጋር፣ ለሦስተኛ ጊዜ አደረግኩት። ሁለተኛ ወንበር አስመጡ። ስለ እኔ መሣሪያዋ ምን እንዳለች የግሌ ነው። ሐኪሟ ግን ለመጨረሻ ጊዜ ሐኪም ቤት የሄድኩት መቼ እንደሆነ በጣም በትሕትና ጠየቀችኝ።

በመጨረሻ ገባቸው። አሰልጣኙ እስኪያነባ ስቆ ልጁን ወደ ሜዳ መለሰው። ከመግባቱ በፊት ጆሮው ስር፣ ከአሁን ወዲያ በአፍህ «የስ» በል፣ አየር እንዳትነካ አልኩት። ገባ። በግራ እግሩ አንድ ግብ አገባ፤ በረኛው እንኳ ዞሮ አየው። ከዚያ በኋላ ዓይኑን ላሳረፈበት ሰው ሁሉ «የስ» ይል ጀመር። ለጓደኞቹ «የስ»፣ ለመስመር ዳኛው «የስ»፣ ረግጦ ለጣለው ተከላካይም ከመሬት ሳይነሳ «የስ» አለው።

ሲያበቃ አሰልጣኙ ተጫዋቾቹን አንድ በአንድ አነጋገረ። ከእኛ በፊት ሁለት ልጆች ጠርቶ የሆነ አጭር ነገር ነግሮ ሸኛቸው። የበረከት ተራ ሲደርስ ግን እጁን በሁለት እጁ ያዘው። ድንቅ ነህ አለው። እንዲህ ያለ ተሰጥኦ አይቼ አላውቅም፣ አንተን ማየት ደስታ ነበር፣ በእርግጠኝነት እንገናኛለን አለው። እኔም ከራሴ ጥቂት ጨምሬበት ተረጎምኩ፤ እንባዬም መጣ። መኪናዬ ጋ ሳልደርስ ለእትዬ ዘነበች ደወልኩና «አለፈ!» አልኳቸው። እልል አሉ፤ ከኋላቸው ምግብ ቤቱ በሙሉ እልል አለ።

ፍሪዌዩ በመኪና ተጨናንቆ ቆሟል፤ እኔ ስለ ደመወዙ አወራለሁ፣ በረከት በመስኮት ያያል። ደስታ ያዘህ እንዴ አልኩት።

«ጋሼ፣ አላለፍኩም እኮ» አለኝ ቀስ ብሎ።

ሳቅኩበት። ከሁለታችን አስተርጓሚው ማን ነው?

«ለእነዚያ ለሁለቱ ልጆች አንድም ምስጋና አልተናገራቸውም። የእጅ ሰዓቱን እየጠቆመ የሚመጡበትን ሰዓት ብቻ ነው የነገራቸው። እኔን አመሰገነኝ እንጂ ሰዓት አልነገረኝም።»

ልክ ነው። ጠጉሬ የሸበተው በዚህ ከተማ ነው፤ ስንት ቢሮ ድንቅ ነህ፣ እንገናኛለን ብሎኝ እስከ ዛሬ ስልክ እጠብቃለሁ መሰላችሁ! እንግሊዝኛ የማይችለው ልጅ በአንድ ከሰዓት የገባውን እኔ ስተረጉም ኖሬ አልገባኝም። ያልወሰዱት በትንፋሹ ይሁን፣ በወረቀቱ ይሁን፣ በዚያች ቋሚ በገጨች ኳስ ይሁን አላውቅም። የማውቀው፣ የእኛ «አዎ» ለእነሱ በሽታ እንደሚመስል፣ የእነሱ «አይሆንም» ደግሞ ለእኛ ምርቃት እንደሚመስል ነው። አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ፤ አንጀቴን በላው።

ፌርፋክስ ስንደርስ መሽቷል፤ ጠረጴዛ ተገጣጥሞ ሰው እየጠበቀን ነው። በረከትን በር ላይ አወረድኩትና እኔ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሄድኩ። ሙያዬ እሱ ሆኖ ሳለ ያን ምሽት ቦታ ለማግኘት ረጅም ጊዜ ፈጀብኝ። ስገባ ልጁ ሁሉንም ራሱ ነግሯቸዋል። ማንም አልተቆጣኝም፤ እንዲያውም ጥሩ ጥሩውን ሥጋ ወደ እኔ ገፉት፣ ይሄ ደግሞ ከቁጣ ይብሳል። እትዬ ዘነበች እጃቸውን በመጎናጸፊያቸው ጠረጉና ስልክ አነሱ፤ አዳማ ነግቷል፣ አሰልጣኝህን አናግረው አሉት። በረከት ሞቼ እገኛለሁ አለ። እሳቸው ራሳቸው ደውለው ጆሮው ላይ ለጠፉለት።

የአዳማው አሰልጣኝ ስልክ የሚያስፈልገው ሰው አይደለም፤ ድምፁ ብቻውን ይደርሳል። ከሃዲ ብሎ ጀመረ። በእጃቸው ኳስ የሚጫወቱ ሰዎች አገር ምን ልትሠራ ሄድክ አለው። አምና የሳተውን ፍጹም ቅጣት ምት አነሳበት፣ የጠጉሩን አቆራረጥ አነሳበት፣ ጥሎት በሄደ በሳምንቱ የተሸነፉትን ሽንፈት አነሳበት። ጠረጴዛው ላይ የሚጎርስ ሰው ጠፋ። በረከት ቆሞ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ ከእያንዳንዱ ስድብ በኋላ «ህእ» ይላል። እዚያ ማዶ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ትንፋሽ አንድም ሳይስት እየሰማ ይቀጥላል። እኔ ደግ ቃል ትመጣ እንደሆነ ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ፤ አንዲትም አልመጣች። በመጨረሻ ድምፁ ወረደ፣ እኛ ያልሰማነው አጭር ነገር ተናገረ፣ ስልኩም ተዘጋ።

እትዬ ዘነበች ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ምን አለህ አሉት። በረከት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ጥርሱን ያየሁት በዚያ ቀን ያኔ ገና ነው፤ የዞረው ግን ወደ አክስቱ ሳይሆን ወደ እኔ ነበር።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ሰዓት ነገረኝ።»