የአስራ አንድ ደቂቃው ሰላም

ክቡር መሪያችን ሁለት የተጣሉ ሩቅ አገሮችን በአስራ አንድ ደቂቃ አስታርቀው የተመለሱበት ሳምንት በታሪካችን ልዩ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ይህን የምንለው ለማሞካሸት አይደለም፤ ማሞካሸቱን የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ በሚገባ ተወጥቶታል። የኛ ሐሳብ ያ ታላቅ ተግባር ሲፈጸም በቦታው የነበረውን፣ ግን ማንም ልብ ያላለውን አንድ ሰው ማስታወስ ብቻ ነው።

ሰውየው አስተርጓሚ ነበር። በመሥሪያ ቤቱ «ድልድዩ» ይሉታል፤ ሁሉም በሱ ላይ ተራምዶ ይሻገራል እንጂ ቆም ብሎ እንዴት አደርክ የሚለው የለም። አስራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የትልልቅ ሰዎችን ንግግር ከአንዱ አፍ ተቀብሎ ለሌላው ጆሮ ሲያደርስ ከራሱ አንዲት ቃል ጨምሮ አያውቅም። አንድ ሚኒስትር በድርድር መሀል ቢያስነጥሳቸው፣ ይህንንም ልተርጉመው ወይስ ልለፈው ብሎ ለአፍታ ተጨንቆ ነበር ይባላል። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶታል። እሱም የሚመኘው እነዚህን ሁለት ዓመታት እንደ ሌሎቹ ሁሉ በሰው ቃል እያወራ መጨረስ ብቻ ነበር።

ነገሩ የሆነው እንዲህ ነው። የመሪዎች ጉባኤ በሚካሄድበት ባሕር ማዶ ባለ ሆቴል፣ ከምሳ አዳራሹ ውጭ በተዘረጋው ኮሪደር ላይ፣ ክቡርነታቸው ከአንድ ፕሬዚዳንት ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። የፕሬዚዳንቱ አገር በዚያ ሰሞን በአንዲት ጠፍ ደሴት የተነሳ ከጎረቤቷ ጋር ትዋጋ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ተጨባበጡ፤ ፎቶ አንሺው ብልጭ አደረገ። ክቡርነታቸው የሰውየውን እጅ እንደያዙ ወደ ታች ተመለከቱና ጫማውን ከየት እንደገዙት ጠየቁ። ድልድዩ ተረጎመ። ፕሬዚዳንቱ ሪህ እንዳለባቸው፣ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ ያዘዘላቸውም ሐኪማቸው እንደሆነ ተናገሩ። ድልድዩ ተረጎመ። ክቡርነታቸው የቀኝ እግራቸው አውራ ጣት ሁለት ዓመት ሙሉ እንቅልፍ እንደነሳቸው ገልጸው፣ አርባ ሦስት ቁጥር ይገኝ እንደሆነ ጠየቁ። ይህንንም ተረጎመ። ፕሬዚዳንቱ ሕመሙ ሲነሳባቸው የሚሆኑትን ሲያወሩ ዐይናቸው እንባ አቀረረ። ጠቅላላው አስራ አንድ ደቂቃ ፈጀ፤ ከዚያ ስብሰባው ሊቀጥል ነው ተባለና ተለያዩ።

በመልሱ ጉዞ አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩ ጋዜጠኞች ከፕሬዚዳንቱ ጋር ምን እንደተወያዩ ሲጠይቋቸው፣ ክቡርነታቸው ስለ ሰላም ጥቂት ነገር እንዳነሱላቸው ተናገሩ። አየር ማረፊያው ሲደርሱ ጥቂቱ ነገር ስለ ደሴቲቱ ቁርጥ ያለ ምክር ሆኖ ነበር። በሦስተኛው ቀን መግለጫ ላይ ደግሞ ፕሬዚዳንቱ እያለቀሱ ጦርነቱን ለማቆም ቃል ገብተዋል። አስራ አንዱ ደቂቃም ወደ አርባ፣ አርባው ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል አደገ። ምላሳቸው የማያርፍ ሰዎች ይህን ውሸት ይሉታል። ሌላው ነገር ሁሉ ቁልቁል በሚሄድበት ዘመን አንድ ነገር እንኳ ማደጉ ሊያስደስታቸው ይገባ ነበር።

ደግሞም ጦርነቱ በርግጥ ቆመ። ደሴቲቱን የመታው ማዕበል ሁለቱንም ሠራዊት ወደየዋሻው ስላስገባ ተኩስ ለሁለት ሳምንት አልተሰማም። የኛ ሬዲዮ ስለ ተኩሱ መቆም ዘገበ፤ ስለ ማዕበሉ ግን የአየር ሁኔታ በሌላ ፕሮግራም የሚታይ ጉዳይ ነው ብሎ አለፈው።

ድልድዩ እውነቱን የነገረው ለሚስቱ ብቻ ነው። ሚስቱ አስተማሪ ናት፤ የተማሪዎች ደብተር እያረመች ስትሰማው ቆየችና አርባ ሦስት ቁጥር የሚለው ላይ ሲደርስ ከወንበሯ እስክትንሸራተት ሳቀች። ከዚያ ሳቋን ዋጥ አደረገች።

«ለማንም እንዳትናገር» አለችው። «አስራ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብለሃል፤ ሁለት ዓመት አያቅትህም።»

ዝም አላልኩም፣ ስናገር ነው የኖርኩት፣ ብቻ የራሴን አይደለም ብሎ መለሰላት። እሷም እንግዲያው እንደዚያው ቀጥል አለችው።

እንደዚያው ይቀጥል ነበር፤ ነገር ግን የከተማው ማዘጋጃ ቤት «የመሪያችን ሐቀኝነት፣ ብቃትና የውጭ ግንኙነት፤ ግልጽ ውይይት» የሚል ክርክር አዘጋጀ። ግልጽ የተባለው የአዳራሹ በር መዝጊያው ስለተሰበረ ነው የሚሉ አሉ። በመንግሥት በኩል የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው፣ በተቃዋሚ በኩል ደግሞ አንድ ስመ ጥር ጠበቃ እንዲቀርቡ ተወሰነ። ድልድዩም የታሪክ ምስክር ስለሆነ ከፊት ረድፍ፣ ስሙ በተለጠፈበት ወንበር ላይ እንዲቀመጥ ደብዳቤ ደረሰው።

የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው የክቡርነታቸውን ሐቀኝነት በማያሻማ ማስረጃ አስረዳ። ክቡርነታቸው ስለዚያ ውይይት አርባ ጊዜ ተናግረዋል፤ ውሸታም ሰው አንድን ነገር አርባ ጊዜ ለመናገር ድፍረቱን ከየት ያመጣል? ብቃታቸውንም በተመለከተ፣ በከተማው ያሉ መንገዶች ለምን እንደተቦረቦሩ ለሚጠይቁ ወገኖች፣ የዓለምን ሰላም የተሸከመ ትከሻ ጠጠር እንዲሸከም መጠበቅ ነውር መሆኑን አስገነዘበ። አዳራሹ አጨበጨበ።

ጠበቃው ተነሳና ማይኩን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው። ክቡርነታቸው የራሳቸው ጽሕፈት ቤት ቁልፍ በሳምንት ሦስቴ የሚጠፋባቸው፣ ሁለት ሰው እንኳ ማነጋገር የማይችሉ ደካማ ሰው መሆናቸውን ዘርዝሮ አስረዳ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኚሁ ሰው በዚያ ኮሪደር ላይ በረቀቀ የዲፕሎማሲ ጥበብ የአገራችንን የሰሜኑን ሐይቅ በምስጢር ለባዕድ አገር አሳልፈው እንደሰጡ ገለጸ። ቁልፉን የማይጠብቅ ሰው ሐይቅ የሚያህል ነገር ማንም ሳያይ እንዴት አሳልፎ ሊሰጥ እንደቻለ የጠየቀ አልነበረም። የአዳራሹ ሌላኛው ግማሽ አጨበጨበ።

ክርክሩ እስከ ማታ የሚዘልቅ ስለመሰለ ሁለቱም ወገኖች ምስክሩ ይናገር አሉ። ድልድዩ ብድግ ሲል ሚስቱ ያስጠናችው ቃል ምላሱ ላይ ነበር፤ የሙያ ምስጢር ስለሆነ መናገር አልችልም ብሎ ሊቀመጥ ነው። ነገር ግን አራት መቶ ሰው ዝም ብሎ አየው። በሕይወቱ አንድም ሰው «አንተስ ምን ትላለህ» ብሎት አያውቅም ነበር፤ ይህ ዝምታ ያንን ጥያቄ መሰለው።

«‹ሰላም› የሚለውን ቃል ተርጉመዋል ወይስ አልተረጎሙም?» አለ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው።

«አልተረጎምኩም።»

ጠበቃው ፈገግ አለ። «እንግዲያው ‹ሐይቅ› የሚለውን ተርጉመዋል።»

«እሱንም አልተረጎምኩም።»

«ታዲያ ምንድን ነው የተረጎሙት?» አሉ ሁለቱም በአንድ ድምፅ።

«ጫማ» አለ ድልድዩ። ከዚያ ሁሉንም፣ ሪሁንም አውራ ጣቱንም፣ ምንም ሳይጨምር ምንም ሳይቀንስ፣ እንደ ሙያው ተናገረ።

ከድንጋጤው ቀድሞ የነቃው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው። ጫማ ሲባል የወታደር ጫማ ማለት መሆኑን፣ ክቡርነታቸውም ጦሩ ጫማውን አውልቆ ወደየቤቱ ይግባ ብለው በምሳሌ መናገራቸውን፣ ተርጓሚው ግን ምሳሌ የማይገባው ሰው መሆኑን አብራራ። ጠበቃው በበኩሉ ጫማ የምስጢር ቃል መሆኑን ገለጠ፤ ጫማ ውሃ እንዳያስገባ ሆኖ ይሠራል፣ ውሃ ደግሞ ያለው ሐይቅ ውስጥ ነው፣ አርባ ሦስት ያሉትም የውሉን አንቀጽ ነው። ያልተነገረ ነገር ሊኖር ይችላል፤ ምንም አልተነገረም ማለት ግን ለሁለቱም ወገን ስድብ ነበር። አንደኛው ያለዚያ ውይይት የሚያመሰግነው፣ ሌላኛው የሚያወግዘው አጥቶ ባዶ እጁን ሊቀር ነው።

ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። አስተርጓሚው ሐሰተኛ ምስክር ነው የሚል የአቋም መግለጫ ቀረበ፤ አራት መቶው ሰው እጁን አወጣ፤ ተቃውሞ የለም፣ ድምፀ ተዓቅቦ የለም። ተጣልተው የኖሩ ሁለት ወገኖችን በአስራ አንድ ደቂቃ ያስታረቀ ሰው ካለ፣ ፍትሐዊ ታዛቢ ድልድዩን መጥቀሱ አይቀርም።

በማግስቱ ክቡርነታቸው አስጠሩት። ጽሕፈት ቤታቸው ግድግዳ ላይ የዚያ ኮሪደር ፎቶ በር አክሎ ተሰቅሏል። ፎቶው ሲቆረጥ ከድልድዩ የተረፈው የግራ ጆሮው ብቻ ነበር። ክቡርነታቸው ቀኝ ጫማቸውን አውልቀው ከጠረጴዛው ስር አስቀምጠዋል። ይቆጡኛል ብሎ ጠብቆ ነበር፤ እሳቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡት።

«እንደ ባለሥልጣን አይደለም የምጠይቅህ» አሉት። «እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ፣ ይቺ ደሴት ምን ታደርግልሃለች፣ የሰው ልጅ አታስጨርስ ስለው ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። እንባው ሲመጣም ይታየኛል። ይሄን አላልኩም?»

ድልድዩ ቀና ብሎ አያቸው። ሰውየው አልዋሹም ነበር። ቢዋሹ ነገሩ ቀላል ነበር፤ ውሸታም ሰው ቢያንስ እውነቱ የት እንዳለ ያውቃል። እሳቸው ግን የተናገሩትን ደጋግመው ሰምተው አምነው ነበር።

«አርባ ሦስት ቁጥር ይገኝ እንደሆነ ነው የጠየቁት፣ ክቡርነትዎ።»

የክቡርነታቸው ትከሻ ወረደ፤ ከበሩ ሲገባ ካየው ሰውዬ በአስር ዓመት ያረጁ መሰሉት። ከዚያ በዝግታ፣ ስልጣን ላይ ከወጣሁ ጀምሮ ሠራሁ የምላት ደህና ነገር እሷ ብቻ ነበረች አሉ።

ያዘኑ ሽማግሌ ድልድዩ ፊት ተቀምጠዋል። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ከራሱ ቃል ጨመረ።

«ምናልባት ብለውት ይሆናል» አለ። «እኔ ሳልተረጉመው አልፌው ይሆናል።»

የክቡርነታቸው ፊት በራ። «አየህ» አሉ፣ እግራቸው ጫማውን እየፈለገ፤ «ታዲያ ይሄን ቀድመህ አትናገርም?»

በዚያው ሳምንት ማዕበሉ ጸጥ አለና ሁለቱ አገሮች ውጊያቸውን ካቆሙበት ቀጠሉ። መግለጫው አልዘገየም። ክቡርነታቸው ያስተላለፉት ታሪካዊ የሰላም መልእክት፣ ተርጓሚው ራሱ ለበላይ አካል እንዳመነው፣ በተርጓሚው ቸልተኝነት በጫማ በመተካቱ ሰላሙ ለጊዜው ተስተጓጉሏል። ድልድዩ በዓለም ሰላም ላይ ለፈጸመው ከባድ የሥራ ጉድለት ተሰናበተ። የጠበቃው ፓርቲ ደግሞ ያው ቸልተኝነት የሰሜኑን ሐይቅ ከመሸጥ አድኖታል ብሎ የአበባ እቅፍ ላከለት። እውነቱን የተናገረ ቀን ማንም ያላመነው ሰው፣ በርኅራኄ አንዲት ጊዜ ቢዋሽ አገር በሙሉ አመነው።

ሚስቱ አልተቆጣችውም። አበባውን ማሰሮ ውስጥ አድርጋ፣ ጦርነት ያስነሳ ባል እንዳላት እስካሁን ባለማወቋ ይቅርታ ጠየቀችው። እሱም ሳቀ፤ ከሳምንት በኋላ ግን ማለዳ ተነስቶ ክራቫቱን ካሰረ በኋላ የሚሄድበት እንደሌለው ትዝ ብሎት አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ሲል አገኘችው።

ወር ሳይሞላ አንድ ከሰዓት በኋላ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ራሱ በራቸውን አንኳኳ። በብብቱ ፋይል ይዟል። ከዚያ ከሩቁ አገር ፕሬዚዳንት ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ መምጣቱን፣ ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም ሰው በመሥሪያ ቤቱ አለመኖሩን፣ ክቡርነታቸውም በማግስቱ ለሕዝብ ሊያነቡት መወሰናቸውን ወደ ጎን እያየ ነገራቸው። ሚስቱ ወንበር አልሰጠችውም፤ ራሱ ተቀመጠ።

ድልድዩ መነጽሩን አደረገ። ደብዳቤው አጭር ነበር። አንዴ በልቡ አነበበው፤ ከዚያ ሳይጨምር ሳይቀንስ ጮክ ብሎ ተረጎመው።

«‹ፕሬዚዳንታችን ስለ እርስዎ ንግግሮች በጋዜጣ አንብበዋል። ከእርስዎ ጋር ተገናኝተው እንደሚያውቁ ግን ፈጽሞ አያስታውሱም።›»

ኃላፊው ራሱን እየነቀነቀ በጥሞና አዳመጠ፤ ድገምልኝ ብሎም አስደገመው። ከዚያ እስክሪብቶውን አውጥቶ ጥቂት ጻፈ፣ አንድ ቃል ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ሲጨርስ ወረቀቱን ራቅ አድርጎ ይዞ አነበበላቸው።

«‹ፕሬዚዳንቱ ከክቡርነታቸው ጋር ያደረጉትን የማይረሳ ውይይት ለመግለጽ ቃላት አጥሯቸዋል።›»

ወረቀቱን አጥፎ ፋይሉ ውስጥ ከተተና ተነሳ። በሩ ላይ ሲደርስ ለሙያ ባልደረባው የማዘን ዓይነት ነገር ተሰማው መሰል፣ ዞር ብሎ የድልድዩን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

«አየህ ወንድሜ» አለው፤ «ትርጉም ቋንቋ ማወቅ ብቻ አይደለም። ሐቀኝነት ይጠይቃል።»