በቀይ ክር የታሰረ የድመት ጉዳይ

ሰው ወደ ቤቱ ስለሚገባው ነገር ማውራት አይሰለቸውም። ዘይቱ ከየት እንደመጣ፣ ውሃው በስንት ቀኑ እንደመጣ፣ እንግዳው ለምን እንደመጣ ያወራል። ከቤቱ ስለሚወጣው ነገር ግን ትንፍሽ አይልም። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ስለሚወጣው ነው። ምሳ ላይ ያላችሁ ጨርሳችሁ ተመለሱ፤ እጠብቃለሁ።

መሬት ላይ እንኖር በነበረበት ጊዜ ድመት መጸዳጃ ያስፈልጋታል ብሎ የተጨነቀ ሰው አላውቅም። ወደ ጓሮ ወጣ ትላለች፣ ጥግ ይዛ ትቆፍራለች፣ ጉዳይዋን ትጨርሳለች፣ አፈር ታለብሰዋለች፣ አሽትታ አረጋግጣ ትመለሳለች። ሃያ ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ስሠራ እንዲህ ጉዳይ የሚጨርስ ሰው አላጋጠመኝም። ከዚያ ኮንዶሚኒየም ደረሰን። እኛ ሦስተኛ ፎቅ ወጣን፤ አፈሩ ታች ቀረ።

የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ብቻዬን። ቤቱን ስረከብ ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ እንጂ አይጦች ቀድመውኝ ገብተው ነበር። የመጽሐፎቼን ጠርዝ ሲጨርሱብኝ አንዲት ግራጫ ድመት አመጣሁ። እኔ ስወጣ ወንበሬ ላይ ስለምትቀመጥ «ምክትል» አልኳት። ምክትል አይጦቹን በሁለት ሳምንት ፈጀቻቸው። ከዚያ በኋላ የእሷ ጉዳይ ተጀመረ።

መጀመሪያ የሞከርኩት አሸዋ ነው። ኮዬ ፈጬ ውስጥ የአሸዋ ክምር ከታክሲ ይልቅ በቀላሉ ይገኛል። ሳፋ ሙሉ አቀረብኩላት፤ ወደደችው። ያገለገለውን ሽንት ቤት ደፍቼ ውሃ ለቀቅኩበት። የምሕንድስና ትምህርት የለኝም። አሸዋው ሦስት ፎቅ ወርዶ ምድር ቤት የሚኖሩት የእትዬ አስካለ ቱቦ ውስጥ ተኛ።

እትዬ አስካለ ከክር ፋብሪካ ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ከደረጃችን መግቢያ አጠገብ ባለችው ቁራጭ መሬት ላይ ሰላጣና ጤና አዳም ያለማሉ፤ የእኔንም መውጣትና መግባት ከእኔ በተሻለ ያውቃሉ። ያን ሰሞን ልጃቸው ሰናይት ከባሏ ቤት መጥታ አብራቸው ተቀምጣ ነበር። ካገባች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ልጅ አልነበራትም። ለምን እንደመጣች አልተነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም።

በደህናው ቀን እትዬ አስካለ «ታዴ» ይሉኛል፤ አንተ ይሉኛል። ቱቦው በፈነዳ ቀን ግን የላስቲክ ቦቲ ተጫምተው በሬ ላይ ቆሙና፣ «አቶ ታደለ፣ እስቲ ወረድ ብለው ይመልከቱልኝ» አሉኝ። እናቴ የምትሆን ሴት እርስዎ ስትለኝ ነገሩ ከባድ መሆኑ ወዲያው ገባኝ። በእኛ ብሎክ የንዴት ልክ የሚታወቀው በጩኸት ሳይሆን በአክብሮት ነው። ቱቦውን አስጠረግኩ፣ ይቅርታ ጠየቅኩ፣ በሳምንቱ ተመልሼ ታዴ ሆንኩ።

ሰጋቱራ የሚባለውን መላ የነገረኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። አቃቂ በሰቃ ያሉት እንጨት ቤቶች የመጋዙን ዱቄት የሚወስድላቸው ካገኙ መርቀው ይሸኛሉ። አንድ ማዳበሪያ ሞልቼ ሚኒባስ ውስጥ ስጭን ረዳቱ፣ «ምንድነው ፋዘር?» አለኝ። «ሰጋቱራ ነው፤ ለዶሮ» አልኩት። ለድመት ብለው ያወርደኝ ነበር።

ምክትል ሰጋቱራውን ከአሸዋውም አብልጣ ወደደችው። ያገለገለው የት ይሂድ? ፌስታል ውስጥ ቋጥሬ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ መስጠት እችል ነበር። ነገር ግን ስልኬ ላይ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ፤ እኛ ሁላችን አልፈን ፌስታሉ አፈር ውስጥ እንዳለ ይኖራል ይላል። የድመቴ ጉዳይ ከእኔ ዕድሜ በላይ ታስሮ ሲቀመጥ ታየኝና ቀፈፈኝ። ሰጋቱራ እንጨት ነው፤ ወረቀትም እንጨት ነው። በወረቀት ጠቅልዬ ብቀብረው ከርሞ አፈር ይሆናል ማለት ነው። በማዳበሪያ የገባው ማዳበሪያ ሆኖ ይወጣል። ይህን ሐሳቤን በጣም ወደድኩት። ሰው የራሱን ሐሳብ ሲወድ ደግሞ ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አያነብም።

አሁን ልብ ብላችሁ ተከተሉኝ። ወረቀቱ የተበላሸ የመሥሪያ ቤት ቅጽ ነው፤ ጽሑፍ አለው፣ አንዳንዱም ክብ ማኅተም አርፎበታል። ክሩም ከዚያው ነው፤ እኛ መዝገብ ቤት ፋይል የምናስርበት ቀይ ክር። መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ጥቅል አይቶ ሳያስር ማለፍ አይችልም፤ በመስቀለኛ አስሬ ጥብቅ አድርጌ እቋጥረዋለሁ። የምቀብረው ደረጃው መግቢያ ላይ፣ ከእትዬ አስካለ መደብ ሁለት ክንድ ራቅ ብሎ ነው፤ ያለ ዶማ የሚቆፈር አፈር ያለው እዚያ ብቻ ነው። ሰዓቱ ሰርቪስ ሳይመጣ፣ ሊነጋ ሲል ነው፤ የድመት ጉዳይ ይዞ በሰው ፊት መሄድ ያሳፍራላ።

ጽሑፍና ማኅተም ያለበት ወረቀት። ቀይ ክር። ጎህ ሲቀድ። የሰው ደጃፍ። በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ አንድ ወር ሙሉ። እናንተ ገብቷችኋል። እኔ ግን አልገባኝም ነበር።

አንድ ቀን እትዬ አስካለ፣ «እንዴት አደሩ አቶ ታደለ?» አሉኝ። ደነገጥኩ።

«ቱቦው ተደፈነ እንዴ?»

«ቱቦው ደህና ነው» አሉና በራቸውን ዘጉ።

በእሑዱ ጠዋት ዳቦ ልገዛ ስወርድ የብሎኩ ሰው ጉድጓዴን ከቦ ቆሟል። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ ግርማ ረጅም እንጨት ይዘዋል፤ እትዬ አስካለ በውሃ ጠርሙስ ጸበል ይዘዋል። አንዱ ጥቅል ወጥቶ መሬት ላይ ተጋድሟል። ማንም በእጁ አልነካውም።

«ይህ ነገር የእርስዎ ነው?» አሉኝ አቶ ግርማ።

«የእኔ ነው።» ከኋላ አንድ ሰው ሲያማትብ ሰማሁ።

«ምን ተብሎ ነው የተጻፈበት?» አሉ እትዬ አስካለ፣ ሳይጠጉ።

አቶ ግርማ ክሩን በእንጨታቸው ገፋ አድርገው፣ መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡ። «የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ።»

«ፈቃዱን የሚጠየቀው ማን ነው?»

«የቅርብ ኃላፊ ይላል።»

«የቅርብ ኃላፊው ማነው?» አሉ እትዬ አስካለ። መልስ ሳይጠብቁ ጥቅሉ ላይ ጸበል ረጩበት።

«መተት አይደለም» አልኩ። እስከዚያ ድረስ ቃሉን አፍ አውጥቶ የጠራው ሰው አልነበረም፤ እኔ ቀደምኩ። «የድመት ነው።»

«የድመት ምን?»

«የድመት... ጉዳይ።»

ቢያንስ እፎይ ይላሉ ብዬ ነበር፤ አላሉም። አንዳንዶቹ መተት ቢሆን ይሻላቸው እንደነበር ፊታቸው ይናገራል። አቶ ግርማ ጥቂት አሰቡና፣ «በሕንፃው መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ መተት የሚል የለም» አሉ። «ቆሻሻ ግን ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው።» በአንቀጹ መሠረት እስከ ወሩ መጨረሻ መላ ካልፈጠርኩ ምክትል ብሎኩን እንድትለቅ ተወሰነ።

ያኔ እዚያው ቆሜ ስለ ፌስታል፣ ስለ ሰጋቱራ፣ ስለ አፈር ረጅም ንግግር አደረግኩ። ሳስበው ጥሩ ንግግር ነበር። ሰው ቀስ በቀስ ተበተነ። እትዬ አስካለ ብቻ ቀሩ።

«ታዲያ በክር የሚታሰረው ለምንድነው?»

«ልማድ ሆኖብኝ ነው።»

«መተተኞቹም እንዲያ ነው የሚሉት» አሉና ገቡ።

ሰኞ መሥሪያ ቤት ሻይ ላይ ይህንን ሳወራ ሰው እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «በዚህ ዘመን» አልን፤ «በዚህ ዘመን መተት» እያልን ደግመን ሳቅን። እትዬ አስካለን፣ ጸበላቸውን፣ «የቅርብ ኃላፊው ማነው» ያሉትን፣ ሁሉንም በድምፃቸው አስመስዬ አቀረብኩት። ደስ ብሎኝ ነበር፤ ልዋሻችሁ አልችልም። መቅበሬንም አልተውኩም፤ ክሩን ብቻ ተውኩት።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ሲስተር መስከረም ቤት ለቤት ስትዞር እኔ ጋ ደረሰች። ምክትልን አየቻት። ሳፋውንም አየችው።

«ይህቺ አይጥ ትይዛለች?» አለችኝ።

«ለዚያ ነው የተቀጠረችው» አልኩ፣ በኩራት።

«ነፍሰ ጡር አለች እዚህ ቤት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

ሲስተር እየጻፈች ነገረችኝ። አይጥ የምትበላ ድመት ዓይነ ምድር ውስጥ በዓይን የማይታይ ተውሳክ ሊኖር ይችላል። ድመቷን የታመመች አያስመስላትም። አፈር ውስጥ ለብዙ ወራት ይቆያል። ጤነኛ ሰው ብዙ ጊዜ ሳያውቀው ያልፈዋል፤ ነፍሰ ጡር ከያዛት ግን ፅንሱን ሊጎዳው ይችላል። አፈር በነካ እጅ ይገባል፤ በደንብ ባልታጠበ ሰላጣ ይገባል።

«ሰላጣ» ስትል የምቀመጥበት ፈለግኩ። ምክትል ወንበሬን ለቀቀችልኝ።

ሰናይት ከመጣች ጀምሮ እትዬ አስካለ ባልዲ አስነስተዋት አያውቁም። ደጅ ስትቀመጥ ጋቢ ደርበውላት ከጎኗ ይቆማሉ። ሰላጣውን ጠዋት ጠዋት እየቀጠፉ የሚያቀርቡት ለእሷ ነው። በእኛ ዘንድ እርግዝና ሳይታይ አይወራም፤ እኔም ስላልተወራ አላየሁም። ያን እሑድ ጸበሉን ይዘው የቆሙት ለራሳቸው አልነበረም። ስድስት ዓመት የተጠበቀ ልጅ ደጃፍ ላይ ቆመው ነበር፤ እኔ ደግሞ በድምፃቸው ሰው አሳቅኩባቸው። እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ሦስቱን ፎቅ ወረድኩ። አሸዋው እንኳ ከእኔ ፈጥኖ ነበር የወረደው።

«እትዬ፣ ሰናይት ነፍሰ ጡር ናት?» አልኩ። እንዲህ ያለ ነገር ደጃፍ ላይ ቆሞ አይጠየቅም። ፊታቸው ጠቆረ።

«ማን ነገረዎት?»

ሲስተር ያለችኝን አንድም ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ሰላጣውን እንዳትበላ፣ አፈሩን እንዳትነካ፣ ሐኪም እንዲያያት ለመንኳቸው። እስክጨርስ አላቋረጡኝም። ስጨርስ፣ «ስለነገሩኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አቶ ታደለ» አሉና ከአንገታቸው ጎንበስ አሉልኝ። ከዚህ በላይ አክብሮት አላየሁም።

ሰናይት ሰኞ ደሟን ሰጠች። ውጤቱ ዓርብ ይመጣል ተባለ። እነዚያን አራት ቀናት ፈቃድ ወሰድኩ፤ የዓመት ፈቃድ መጠየቂያ ቅጹን ስሞላ እጄ ላይ ከበደኝ። ጓንት አድርጌ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ፣ በጠራራ ፀሐይ ሰው ሁሉ እያየኝ ጉድጓዱን ቆፍሬ አወጣሁ። ሰላጣውን ነቀልኩ። ጤና አዳሙንም ነቀልኩት፤ ስሙ አላዳነውም። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ምን እንደሚመስለው አልጠየቅኩም። ጠዋት ጠዋት ስወርድ የሰናይትን በር እያየሁ የማላውቀውን ጸሎት እሞካክር ነበር።

ዓርብ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። እትዬ አስካለ ናቸው፤ ሦስት ፎቅ ወጥተው ትንፋሻቸው ተቆራርጧል።

«ታዴ» አሉኝ።

እዚያው በሩ ላይ እንባዬ መጣ። ውጤቱን ከዚህች ቃል ሰማሁት።

«ነፃ ናት። ምንም የለባትም» አሉና ገብተው ወንበሬ ላይ ተቀመጡ። ምክትልን ለጥቂት ጊዜ ተመለከቷት። «አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ አንድ ነገር ልጠይቅህ። አንድ ሰው ገና ሳይነጋ ተነሥቶ የሰው ደጅ ላይ በቀይ ክር የታሰረ ነገር ይቀብራል። የተቀበረው ነገር ማሕፀን ውስጥ ያለውን ይጎዳል። ይህ ነገር በናንተ ትምህርት ስሙ ማነው?»

ሃያ ዓመት መዝገብ ስለይ ኖሬያለሁ፤ ይህን የማስገባበት ፋይል አጣሁ።

«ድመቷስ ትሂድ?» አልኩ በመጨረሻ።

«እሷ ምን አጠፋች? ቀባሪው አይደለም እንዴ?»

አሁን ሥራው መልክ ይዟል። የምክትልን ዓይነ ምድር በየቀኑ በጓንት ለይቼ፣ በወረቀት ጠቅልዬ፣ የቆሻሻ ሰብሳቢዎቹን ነግሬያቸው እሰጣለሁ። ሽንት የነካውን ሰጋቱራ ክዳን ባለው በርሜል ከደረቅ ቅጠል ጋር አከማቸዋለሁ፤ ሲበሰብስ ከማንም ጓሮ ርቆ አጥሩ ጥግ ላለው ጽድ እንጂ ለሚበላ ነገር አይሰጥም። ሰናይት ልጇን ታቅፋ ወደ ባሏ ቤት ተመልሳለች። ጽዱም አድጓል።

አቶ ግርማ በርሜሉ አጠገብ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍ አዘዙ። ቃሉን የሰጡት እትዬ አስካለ ናቸው፤ እኔ ጻፍኩ፤ አቶ ግርማ የኮሚቴውን ክብ ማኅተም መቱበት። «ነፍሰ ጡር ወደዚህ ዛፍ አትጠጋ» ይላል። ጽዱ ላይ ሳስረው በእጄ የነበረው ያ የመሥሪያ ቤቱ ክር ብቻ ነው።

የሚያልፍ ሰው ቆም ይላል፣ ያነባል፣ ማኅተሙን ያያል፣ ቀዩን ክር ያያል፣ አማትቦ ዞሮ ይሄዳል። ከመስኮቴ አያቸዋለሁ። ወርጄ አላስረዳቸውም።