«ማይኩን ዝጋ!» ባዩ ሰላሁዲን

በዚህ አገር ስልክ የያዘ ሰው ሁሉ አንድ ፈሪ ወዳጅ አለው። ደውላችሁ የበርበሬ ዋጋ ብትጠይቁት «እሱን በስልክ አናወራም፣ በአካል እንገናኝ» ይላችኋል። በአካል ስትገናኙ ደግሞ የስልኩን ባትሪ ነቅሎ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጥና የእናንተን እስክትነቅሉ ዓይን ዓይናችሁን ያያል። ከዚያ ወደ ጆሯችሁ ጠጋ ብሎ «ተወዷል» ይላል።

የእኔው ፈሪ ክቡር ሰላሁዲን ናቸው፤ መርካቶ ሰባተኛ የሚገኘው ጌም ቤት ባለቤት፣ የስምንት ኮምፒውተርና የስምንት ማይክ ጠቅላይ አዛዥ። አንቱ ያልኳቸው ለማዕረጋቸው ነው እንጂ እኩያዬ ስለሆነ ከዚህ በኋላ አንቱታውን ትቼዋለሁ። ጌም ቤቱ እኔ ቦርሳ ከምሸጥበት ሱቅ በላይ ነው፤ ገበያ ሲቀዘቅዝ ወጣ ብዬ እጫወታለሁ።

ጨዋታው በቡድን ሆኖ መተኳኮስ ነው። በማይክ ካልተነጋገራችሁ ጠላት ከጀርባ መጥቶ ይጨርሳችኋል። ችግሩ የምንነጋገረው ነገር ነው። ዘመኑ 2009 ዓ.ም.፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ በታወጀ ሰሞን፣ ስምንት ሰው መርካቶ መሃል ተቀምጦ «ቦምቡን ድልድዩ ጋ አድርገው!» እያለ ይጮኻል። ድልድይ ከተባለ ደግሞ ሀብተ ጊዮርጊስ ብዙም አይርቅም።

«ይቀዳል!» ይላል ሰላሁዲን ከወንበሩ ብድግ ብሎ። «ማይኩን ዝጋ!»

«ማነው የሚቀዳው?»

«እኔ ምን አውቄ! ማይክ ካለ ቀጂ አይጠፋም።»

መጀመሪያ ቁልፍ ተጭነን ካልያዝን በቀር ማይኩ እንዳይከፈት አደረገ። ቀጥሎ የማናውቀውን ተጫዋች ድምፅ ሁሉ ዘጋ። አንድ የግብፅ ልጅ ሳይዘጋበት በፊት በእንግሊዝኛ ከየት እንደሆንን ጠይቆን ነበር፤ ሰላሁዲን የዚያን ቀን ምሳ አልበላም። በመጨረሻ የቃላት አዋጅ አወጣ። ቦምብ ሽንኩርት ተባለ፣ ጠመንጃ ጃንጥላ፣ ጠላት ደንበኛ። «ሁለት ደንበኛ እየመጣ ነው፣ ሽንኩርት ወርውርበት!» እያልን እንዋጋ ጀመር። ደንበኛ ላይ ሽንኩርት መወርወር ነጋዴ ለሆንኩት ለእኔ ትንሽ ከብዶኝ ነበር።

ይህም አላስተኛውም። «እነሱ ከቀዱን እኛም መቅዳት አለብን» አለኝ አንድ ቀን፣ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ጠፍተው ሳለ በሹክሹክታ። «ነገ መጥተው ‹እንዲህ ብላችኋል› ቢሉን ጨዋታ መሆኑን በምን እናስረዳለን?» እናም ከእኔ በቀር ለማንም ሳይናገር የሁላችንንም ድምፅ መቅዳት ጀመረ።

ይህን የመሰለ ነገር መቼ ተደብቆ ይቀራል? ጨርቅ ነጋዴው ሙናዊር አንድ ከሰዓት የሚቀዳውን ፕሮግራም ኮምፒውተሩ ላይ አየው። በዚያ ሰሞን የሰው ድምፅ የሚቀዳ ሰው ስሙ አንድ ብቻ ነበር፤ ጆሮ ጠቢ። ፊት ለፊት የተናገረው የለም። ወንበሮቹ ግን አንድ በአንድ ባዶ ሆኑ፤ የመጣውም ቢሆን ሰላምታውን አሳጠረ። ሰላሁዲን እኔን ጎትቶ ወደ ደረጃው አወጣኝና «እኔ? ጥላዬን የምፈራ ሰውዬ?» አለኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። አሳዘነኝ፤ ግን እኔም በልቤ ያወራሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ኪያ ብርቱ ጨዋታ ላይ ነበር። ኪያ ታች አምፖልና ገመድ የሚሸጥ፣ ከሁላችንም የሚበልጥ ተጫዋች ነው፤ ሲሞቀው ግን አዋጁን ሁሉ ይረሳል። መስኮቱ እንደተከፈተ «ቦምቡ ድልድዩ ስር ነው! ሲደርሱ አፈንዳው!» ብሎ ጮኸ። ታች ፓትሮል ቆሞ ኖሯል። ፖሊሶቹ ወደ ላይ ወጡና ኮሌታውን ይዘው ወሰዱት። በዚያ ሰሞን የገባ ሰው መቼ እንደሚወጣ የሚነግራችሁ አልነበረም።

ሁሉም ዞሮ ሰላሁዲንን አየው። «አስበላኸው አይደል?» አለው ሙናዊር።

ሰላሁዲን ከወንበሩ ተነሳ። ለፈሪ ሜዳ አይነሱም ብዬ ከበሩ ዞር አልኩለት። እሱ ግን የቀዳው ድምፅ ያለበትን ፍላሽ ከኮምፒውተሩ ነቀለ፣ ካልሲው ውስጥ ከተተው፣ መልሶ አወጣውና በእጁ ጨበጠው። «አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለኝ። መንገድ ላይ «ብመለስስ?» እያለ በየማዕዘኑ ቆመ፤ ግን አልተመለሰም።

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ፀጉሩ የሸበተ ሳጅን ፍላሹን ተቀብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ሰካው። የጨዋታው ተኩስ ተሰማ፣ የኪያ ጩኸት ተሰማ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚለማመጥ ድምፅ፦ «ኪያ በአላህ! ሽንኩርት በል! ሽንኩርት!»

«ይሄ የሚለማመጠው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አለ ሰላሁዲን። ሳይጠየቅ ስሙን እስከ አያቱ ተናገረ።

«ሽንኩርት ምንድነው?»

እኔ የቤቴን ሰዎች በልቤ ተሰናበትኩ።

«ቦምብ ነው ጌታዬ። የጨዋታው ቦምብ።»

«ታዲያ ጨዋታ ከሆነ ስሙን ለምን ለወጣችሁት?»

«ስለምፈራችሁ» አለ ሰላሁዲን።

ይህን ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ ሲናገር የሰማሁት ሰው እሱ ብቻ ነው። ሳጅኑ ተነስቶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ይሄ ነገር አሁን የእኔንም ድምፅ እየቀዳ ነው እንዴ?»

«የለም ጌታዬ።»

«እርግጠኛ ነህ?» ፍላሹን ነቅሎ መለሰለት። «ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ደግሞ ይሄን ነገር በስልክ እንዳታወሩት።»

ኪያ ቀበቶውንና የጫማ ክሩን በእጁ ጠቅልሎ ወጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ከበሩ ትንሽ እንደራቅን ሰላሁዲን አስፋልቱ ዳር አስቀመጠውና ተንበርክኮ ክሩን ያስገባለት ጀመር።

«ተው፣ እኔ አስረዋለሁ» አለ ኪያ።

«ዝም በል፣ እዚህ አንጨቃጨቅ።»

የክሩን ቀዳዳ ይስታል፤ ደግሞ ይሞክራል፣ ደግሞ ይስታል። ይህን ሰውዬ እንዴት እንደምወደው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ጎንበስ ብዬ፣ ክሩ እስኪገባ ድረስ እጁን ያዝኩለት።